የኮ ቤት ሞገድ ዝም ያለ ጊዜ

ሲንሩ ጆሮዋን ከቁምሳጥኑ በር ላይ ለጥፋ ብታዳምጥ፣ ብታዳምጥ፣ ምንም የለም። ሰው ቢያያት ምን ይላት ነበር! የመርከብ ድርጅት ባለቤት ልጅ፣ የካኦሲዩንግ ከተማን ወደብ ቁልቁል በሚያይ ፎቅ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ከእንጨት በር ጋር ሚስጥር የምታወራ ትመስላለች። ደግነቱ የሚያያት አልነበረም። አባቷ አቶ ኮ እንደ ልማዳቸው ከምሳ በኋላ የዓሣ ገንዳው አጠገብ በተዘረጋው ወንበራቸው ላይ አሸልበዋል። የቤት ሠራተኛዋም ገበያ ወጥታለች።

ከቁምሳጥኑ በላይ ያለው የዓሣ ገንዳ ሳሎኑን ከምግብ ቤቱ የሚለይ ትልቅ የመስታወት ግድግዳ ነው። ውስጡ ያሉት ኮራሎች፣ እንደ ተክል ቅርንጫፍ ያላቸው የባሕር ፍጥረቶች፣ በአንድነት ወደ ግራ ያጋድላሉ፣ ጥቂት ይቆያሉ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ይመለሳሉ። ቢጫዎቹ ዓሦች ሞገዱን ተደግፈው ይንሳፈፋሉ። ያን ሁሉ ውሃ ወዲያና ወዲህ የሚገፋ ኃይል እዚያ ውስጥ አለ፤ ድምፁ ግን የለም። ድምፁ እንዲጠፋ የጠየቀችው ራሷ ሲንሩ ናት። አሁን ግን ዝምታው ደረቷ ላይ ተቀምጦ አላስተነፍስ አላት።

ነገሩ የተጀመረው እናቷ ካረፉ በኋላ ነው። ገንዳው የእናቷ ነበር። ኮራሎቹን አንድ በአንድ በእጃቸው የተከሏቸው እሳቸው ናቸው። ሚስታቸውን ከቀበሩ ወዲህ አቶ ኮ መኝታ ቤት መግባት እምቢ ብለው እዚያው ገንዳው ሥር መተኛት ጀመሩ። ችግሩ ገንዳው አያስተኛም። ወደ ታች የሚወርደው ውሃ እንደ ጠጪ ሰው ይንቆረቆራል፣ ፓምፑ ቁምሳጥኑን ያንቀጠቅጣል፣ መስታወቱ ላይ የተለጠፉት ትንንሽ የውሃ መግፊያዎች ያለ ዕረፍት ያፏጫሉ። ገንዳው ይነሳ ሲሏቸው ደግሞ አቶ ኮ ዓይናቸው ይቀላ ነበር። «እሱን የሚያወጣ ሰው አስቀድሞ እኔን ያውጣ!» ይላሉ። የሲንሩ ሐሳብ አባቷ እንቅልፍ እንዲያገኙ ብቻ ነበር፤ ወደ ዓሣ ዕቃ መሸጫው ደወለች፣ የሱቁ ባለቤት እትዬ ሹ ባለሙያቸውን ቦሃንን ላኩላት።

ቦሃን ንፋስ ከማይለያቸው ከፔንሁ ደሴቶች የመጣ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነው። እጆቹ ጨው የበላቸው ትላልቅ እጆች ናቸው። የመጀመሪያ ቀን ገንዳው ፊት ቆሞ ራሱን ነቀነቀ።

«ይሄ ውሃ ይጮኻል እንጂ አይሠራም» አላት። «ጠባብ አፍ፣ ብዙ ጉልበት። ኮራሎቹን በጥፊ ነው የሚላቸው።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ብዙ ውሃ በዝግታ መግፋት ነዋ። ባሕር መቼ ይጣደፋል?»

«ኃይሉ እንዳይቀንስ ግን። እማዬ ኃይለኛ ውሃ ነበር የምትወድላቸው።»

«ኃይል ሌላ፣ ጫጫታ ሌላ። እኔን ጠይቂኝ፣ ከአራት እህቶች ጋር ነው ያደግሁት።»

ሲንሩ ሳቀች። ከቀብሩ ወዲህ እዚያ ቤት ውስጥ ሰው ሲስቅ የመጀመሪያው ነበር፤ የራሷ ድምፅ ራሷን አስደነገጣት።

ከዚያ በኋላ ቦሃን በየረቡዑ እየመጣ ድምፆቹን በየተራ ያስወጣቸው ጀመር። መጀመሪያ መንቆርቆሩን። የሚወርደው ውሃ አየር እየሳበ ነበር የሚጮኸው፤ የቧንቧውን መዝጊያ በጣም በቀስታ እያጠበበ ቧንቧው ጢም ብሎ ሲሞላ ድምፁ ጠፋ። ቀጥሎ መንቀጥቀጡን። ፓምፑን ወፍራም ለስላሳ ላስቲክ ላይ አስቀመጠው፣ ደረቁንም ቧንቧ በሚተጣጠፍ ጎማ ለወጠው። የሚያፏጩትን ትንንሽ መግፊያዎች ነቅሎ በሁለት ሰፋፊዎች ተካቸው፤ ከገንዳው ሁለት ጫፎች ፊት ለፊት ይተያያሉ፣ አንዱ ሲያርፍ ሌላው ይገፋል፣ ውሃውም በሙሉ እንደ አንድ ነገር ይሄድና ይመጣል።

እሱ በሳሎኑ በኩል እጁን እስከ ትከሻው ውሃ ውስጥ ሲከት፣ እሷ በምግብ ቤቱ በኩል ቆማ ኮራሎቹ እኩል ማጋደላቸውን ትነግረዋለች። ኮራሎቹን ግን አታያቸውም ነበር። እሱንም በመስታወቱ ውስጥ፣ በዓሦቹ መሐል፣ ሲያያት ትይዘዋለች። ውሃው ፊቱን ያወዛውዘዋል፣ ዓይኖቹ ግን ከእሷ ላይ አይነሱም።

ሥራው ማለቅ ሲጀምር ሁለቱም መዋሸት ጀመሩ። «ከኋላ በኩል የሆነ ነገር ሲጥ ሲጥ ይላል» ትላለች። «እኔም የሰማሁ መሰለኝ» ይላል፣ ምንም ሳይሰማ። ጤነኛ ጆሮ ያላቸው ሁለት ሰዎች የሌለ ድምፅ ሲያሳድዱ ስንት ረቡዕ አለፈ! ሻይ ትቀዳለታለች፤ ስለ ደሴቱ ንፋስ፣ እናቱ ጣሪያ ላይ ስለምታሰጣው ስኩዊድ ስለሚባል የባሕር ፍጥረት ያወራታል። ያኔ አንቺና አንተ ነው የሚባባሉት።

አንድ ነገር ግን ነበር። አቶ ኮ ከእንቅልፋቸው ነቅተው «ማነው የመጣው?» ሲሉ፣ ሲንሩ ቶሎ ብላ «የገንዳው ሰው ነው አባባ» ትላለች። ያን ጊዜ ቦሃን አንገቱን ደፍቶ ዕቃውን መሰብሰብ ይጀምራል። ማፈሯ ይገባታል፣ በሚቀጥለው ረቡዕ በስሙ እጠራዋለሁ ትላለች፣ በሚቀጥለው ረቡዕም አትጠራውም። ሲንሩ ፈሪ ናት፤ ልደብቅላት አልችልም።

ባለፈው ረቡዕ ግን ቦሃን ሌላ ሰው ሆኖ መጣ።

«ዛሬ እጨርስልዎታለሁ፣ ወይዘሪት ኮ» አላት ገና ከበሩ።

እጨርስልዎታለሁ! ሲንሩ ከኋላዋ እንግዳ የቆመ መስሏት ዞር አለች። ማንም የለም። ቦሃን ቀና ብሎ ሳያያት ሠራ። ሻይ ስታቀርብለት «አመሰግናለሁ፣ እቸኩላለሁ» አለ። ሲጨርስ እጁን ጠራርጎ ተነሣ።

«ያዳምጡ እስቲ።»

አዳመጠች። የሚንቆረቆር የለም፣ የሚያፏጭ የለም። «ምንም አይሰማም» አለች በጭንቅ። እንዴት ጨክነህ ትጨርሰዋለህ ማለቷ ነበር። እሱ ግን የተደሰተች መሰለው።

«እንግዲህ ደስ ይበልዎት» አለና ሄደ። ያን ቃል የተናገረበትን ድምፅ ሲንሩ ሳምንቱን ሙሉ ስታመነዥከው ሰነበተች፤ ምን እንደበደለችው ግን አልገባትም።

አሁን ከተንበረከከችበት ተነሥታ ወደ ማድ ቤት ገባችና ስልኩን አነሣች። እትዬ ሹ ጥሪው ሳያልቅ አነሡት።

«እትዬ ሹ፣ ያ… ባለሙያው አለ?»

«ቦሃንን ነው? አለ፣ ዕቃውን እየሸከፈ ነው። ነገ ማለዳ መርከብ ይሳፈራል።»

«መርከብ?»

«ወደ አገሩ ነዋ የኔ እመቤት! ፔንሁ ኮራል የሚያራቡበት ጣቢያ ሥራ ያዘ። አውሎ ነፋሱ ያደቀቀውን ሊተክሉ ነው አሉ። እኔን ለማን ጥሎ? ያ ንፋስ ጆሮውን ይገንጥለው! ሳምንት ሙሉ ፊቱን ጥሎ ሲዞር እኮ ደመወዝ የቀነስኩበት ነው የሚመስለው። ምነው፣ ገንዳው ድምፅ አሰማ እንዴ?»

ሲንሩ በማድ ቤቱ በር አሻግራ ገንዳውን አየችው። ዝም ብሏል።

«አዎ» አለች። «ኧረ በጣም ይንኳኳል!»

«አሁኑኑ ይመጣል።»

ስልኩን ዘጋች፤ ከዘጋች በኋላ ነው የዋሸችው ውሸት ምን እንደሆነ የገባት። መጥቶ ምን ሊሰማ ነው? እጅጌዋን ሰበሰበች። መሰላሉ ላይ ወጥታ ከአሸዋው ላይ ባዶ የቀንድ አውጣ ዛጎል አነሣች፣ ቦሃን ሲያደርግ እንዳየችው የአንዱን መግፊያ ወንፊት ጠምዝዛ ከፈተችና ዛጎሉን ከትታ መልሳ ገጠመችው። መጀመሪያ ቀጭ ቀጭ አለ። ደስ አላት! ቀጥሎ አንድ ጊዜ አቃሰተና ቆመ።

በዚያ በኩል ያለው ውሃ ተኛ። ሌላኛው መግፊያ ለብቻው ቢታገልም ሞገዱ ግማሽ መንገድ መጥቶ ይሞታል። እናቷ ከሁሉ አስቀድመው የተከሉት ሐምራዊው ኮራል እዚያ ነበር፤ ቅርንጫፎቹ ቀጥ ብለው ቀሩ። ቆየት ብሎም ዓሣ ሲያጥቡት እንደሚወጣው ዓይነት ልጋግ ያንጠለጥል ጀመር። ሲንሩ ዛጎሉን ላውጣ ብትል ወንፊቱ እምቢ አላት። የአባቷን የተኛ ፊት እያየች፣ መሰላሉ ላይ ሆና ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች።

በሩ ሲንኳኳ ከመሰላሉ ወርዳ ከፈተች፤ ቦሃን የሞተር ሳይክል ቆቡን በእጁ እንደያዘ ገባ። ገንዳውን አንዴ አይቶ መሰላሉ ላይ ወጣ። መግፊያውን አወጣው፣ ወንፊቱን ፈታው፣ ዛጎሉን መዳፉ ላይ አስቀምጦ አገላብጦ አየው።

«ቀንድ አውጣ ወንፊት ፈቶ፣ ገብቶ፣ መልሶ አይገጥምም» አለ።

«እኔ ነኝ።»

«እርስዎ?»

«እኔ ነኝ አልኩ!»

«ይሄ ኮራል እኮ የእናትዎ ነው!» ድምፁን ዝቅ ለማድረግ ቢሞክርም ንዴቱ ታየ። «ውሃው ሲቆምበት ታፍኖ እንደሚሞት ነግሬዎታለሁ። ለምን? ምን አደረገዎት?»

ሲንሩ አፏን ከፈተች። ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር፤ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ እዚህ ያልቅ ነበር። ግን ፈሪ ናት ብያለሁ። ፈሪ ሰው ሲጨንቀው የሚያደርገውን አደረገች።

«ሻይ ልቅዳልህ» አለች።

ቦሃን መግፊያውን መልሶ አስገባና አስነሣው። ሞገዱ እስኪመለስ፣ ሐምራዊው ኮራል ልጋጉን እስኪያራግፍ ቆሞ ጠበቀ። ከዚያ የምግብ ጠረጴዛው ጋ መጥቶ ሳይቀመጥ ቆመ። ጠረጴዛው ላይ ልጅ ቀለበት ስታስር ለዘመድ አዝማድ የሚታደሉት ቀያይ የቀለበት ኬክ ሣጥኖች ተደርድረዋል። እነሱን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። ሲንሩ ሻዩን ቀድታ ከተከፈተው ሣጥን ሁለት ቁራጭ ቆረጠች። ከጧት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም ነበር፤ አንዱን አንሥታ ጎረሰች።

«ተፊው!»

ቦሃን እጇን ለቀም አድርጎ ያዛት። ሲንሩ ጉንጯ እንደተወጠረ ፈጥጣ አየችው።

«ምን ሆንሽ? አብደሻል? ሙሽራ የራሷን የቀለበት ኬክ ትበላለች? የገዛ ደስታዋን ትበላዋለች ሲሉ ሰምተሽ አታውቂም?»

ሲንሩ በግድ ዋጠችው። «የምን ሙሽራ?»

«አንቺ ነሻ!»

«እኔ?»

«ሾፌራችሁ ሱቅ ድረስ አምጥቶ ሰጥቶን የለ! የአቶ ኮ ልጅ ቀለበት አሰረች ብሎ።»

ቦሃን የያዘውን እጅ አየ፣ የተገመጠውን ኬክ አየ። ሙሽራ ብትሆን አትበላውም ነበር፤ ይህን ቀስ እያለ ሲረዳው ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር። ሲንሩ ሳቋ መጣ፣ ከሳቁ ጋር እንባዋም መጣ፤ የትኛውን እንደምታስቀድም አላወቀችም።

«የእህቴ ነው» አለች። «ታይፔ ያለችው ታናሼ።»

«እህት አለሽ?»

«አለችኝ።»

«ያን ሁሉ ጊዜ ስለ እኔ እህቶች ሳወራሽ፣ አንድ ቀን እንኳ…»

«አፍሬ ነዋ! ታናሽ ቀድማ ስታገባ ታላቂቱን እንዴት እንደሚያዩዋት አታውቅም? ዘመድ ሁሉ ያንቺስ መቼ ነው እያለ ነው የሚሰናበተኝ። አንተም እንደዚያ እንድታየኝ አልፈለግሁም።»

ቦሃን ወንበር ስቦ ቁጭ አለ።

«በላሁት እኮ» አለ ቀስ ብሎ።

«ምኑን?»

«ኬኩን። ሣጥኑን በሙሉ። እትዬ ሹ አንድ ቁራጭ ቢሉኝ ከለከልኳቸው። አልዋጥ እያለኝ፣ ደስ ይበላት፣ ደስ ይበላት እያልኩ ጨረስኩት። በማግሥቱ የፔንሁን ሥራ ተቀበልኩ።»

ሲንሩ ያ ትልቅ ሰውዬ ለብቻው ተቀምጦ አንድ ሣጥን ኬክ እያነቀው ሲበላ ታያት።

«አትሂድ» አለችው።

«ቃል ሰጥቻለሁ። ሰው የላቸውም፣ የተሰባበረው ኮራል እኔን ነው የሚጠብቀው። ባለፈው ረቡዕ ብትይኝ ኖሮ…»

«ባለፈው ረቡዕ ወይዘሪት ኮ ነው ያልከኝ!»

«አንቺስ?» አለ። አልተቆጣም፣ ይህም ነው የከፋው። «አንቺ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ምን ነበር የምትዪኝ? የገንዳው ሰው። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሻይሽን ጠጥቼ እዚያ ወንበር ፊት ስም የለኝም ነበር። ሀብታም ሊያገባት ነው ሲሉኝ ያመንኩት ለምን ይመስልሻል?»

እውነቱን ነው። ፊቷን በሁለት እጆቿ ሸፈነች።

«ሲንሩ!»

የአባቷ ድምፅ ነበር፣ ከገንዳው ማዶ። ወንበሩ ሲንቀሳቀስ ተሰማ። ቦሃን ብድግ ብሎ እንደ ልማዱ ዕቃውን መሰብሰብ ጀመረ። ሲንሩ እጁን ያዘችው።

«ማነው የመጣው?»

«ቦሃን ነው አባባ።»

«ቦሃን ማነው?»

በመስታወቱ ውስጥ የአባቷ ፊት በሞገዱ እየተወዛወዘ ይታያል። ሲንሩ እሱን እያየች ተናገረችው።

«የምወደው ሰው ነው።»

ተናገረችው! ከአፏ ወጥቶ አየር ላይ ሆነ፣ መመለሻ የለውም። አቶ ኮ በዝግታ ዞረው መጡ። የተጨማደደ ሸሚዛቸውን አስተካክለው ሁለቱን ተራ በተራ አዩአቸው።

«ይሄ ገንዳ ዝም ካለ ወዲህ» አሉ፣ «እዚህ ቤት የሚወራው ሁሉ ጆሮዬ ይገባል። ተፊው ከሚለው ጀምሮ ሰምቻለሁ።»

ቦሃን ጆሮው ቀላ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ ጌታዬ።»

«መርከብህ መቼ ነው?»

«ነገ ማለዳ።»

«እንግዲያው ሂድ።»

«አባባ!»

«ቆይ አንቺ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ስቀጥር ነው የኖርኩት። ለእነሱ የሰጠውን ቃል ላንቺ ብሎ ቢያፈርስ፣ አንድ ቀን ደግሞ ለሌላ ብሎ ያንቺን ያፈርሰዋል።» ወደ ቦሃን ዞሩ። «ሂድ፣ የጀመርከውን ጨርስ። ከዚያ መምጣት ከፈለግህ ና። ይሁን አላልኩም፤ አይሁንም አላልኩም። አሁን ሻይህ ቀዝቅዟል፣ ቁጭ ብለህ ጠጣ።»

ቦሃን ተቀመጠና የቀዘቀዘውን ሻይ በአቶ ኮ ፊት ጠጣ። ሲንሩ እጁን አልለቀቀችም። ሲወጣ በሩ ላይ ዞር ብሎ አያት፣ እሷም አየችው፤ ያን ያህል ወራት በውሃ ውስጥ ሲሰራረቁት የኖሩትን መተያየት አሁን በግልጽ ቢተያዩት አልጠገብ አላቸው።

በማግሥቱ ማለዳ መርከቡ ከወደቡ ወጣ። ሲንሩ ግንባሯን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ነጩን መርከብ በትልልቆቹ የጭነት መርከቦች መሐል ስትከተለው ቆየች። የሚያውለበልብ ሰው ቢኖር እንኳ ከዚያ ከፍታ አይታይም። ይደውላል፣ ታውቃለች። ይመጣል፣ ታምናለች። ግን ዛሬ የለም፣ ነገም የለም፣ በሚመጣው ረቡዕም በሩን የሚያንኳኳ አይኖርም። ከኋላዋ ያ ሁሉ ውሃ ኮሽ ሳይል ይሄዳል፣ ይመጣል። በሕይወቷ እንዲህ ብቻዋን ሆና አታውቅም ነበር።

ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። አባቴ ይሰማኛል ብላ አልተሳቀቀችም።

አቶ ኮ ሰሙ። የማይታጠፈውን ጉልበታቸውን እያሻሹ እንደምንም ዝቅ ብለው አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ዝም በይ አላሏትም።

«ገና መርከቡ ከዓይን ሳይጠፋ ናፈቀኝ አባባ» አለች።

አቶ ኮ ሐምራዊውን ኮራል እያዩ ብዙ ቆዩ። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ስለ እሳቸው አንድም ቃል ተናግረው አያውቁም ነበር።

«እኔም ናፈቀችኝ» አሉ።